የሰማይ እድር

ኮኮዌ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሎሜ የሄደች ዕለት ሦስት ጊዜ ታጠበች። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥላ በሎሚ፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ በጭስ ስታደርቅ የኖረች ሴት ሽታ ግን በአንድ ጠዋት አይለቅም። የአየር መንገዱ ቢሮ ውስጥ ያሉት ልጆች አፍንጫቸውን እንዳይዙባት ፈርታ ነበር። ደግሞም ልመና አልነበረም የምትሄደው። የባሏን ሬሳ ልታስመጣ ነው፤ የሚከፈለውም ድሮ ተከፍሎ አልቋል ብላ ታምናለች። ቦርሳዋ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ሰማያዊ ካርድ አለ፤ የባሏ የፎሊ ስም ጎላ ጎላ ባሉ ፊደላት ተጽፎበታል።

ፎሊ የሞተው ከአምስት ቀን በፊት ጋቦን፣ ሊብረቪል ነው። ጠዋት የብየዳ ቤቱን ከፍቶ፣ የአንድ ደንበኛ የመስኮት ብረት እየለካ ሳለ «ደረቴን ወጋኝ» ብሎ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የበላው ሊብረቪል ነው። ኮኮዌ በትውልድ ከተማቸው በአኔሆ፣ በሐይቁና በባሕሩ መካከል ባለው ቤታቸው ሦስት ልጆች አሳደገች፣ ሁለቱን ዳረች፤ ባሏ ሲያረጅ ግን በስልክ ነው የሰማችው። መጀመሪያ ሳቁ ወፈረ፣ ከዚያ ሳል መጣ፣ ከዚያ ያንኑ ወሬ ሁለት ጊዜ መንገር ጀመረ።

የአኔሆ ሰው አገሩ ገብቶ ካልተቀበረ ሞቱ አላለቀም ይባላል። ከአባቱና ከአያቱ ጎን መተኛት አለበት። ኮኮዌ ግን የራሷ የሆነ ምክንያትም ነበራት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከባሏ ጋር አብራ ያሳለፈችው ቀን ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። በሕይወት እያለ አላገኘችውም፤ እንግዲህ ሲሞት እንኳ ቅርቧ ይሁን፣ እሑድ እሑድ ሄዳ መቃብሩ ላይ ትቀመጥ፣ የምትነግረውን ትንገረው። የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ካርዱ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሊብረቪል አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ የተቀመጠች ቆንጅዬ ልጅ «ጌታዬ፣ አባል ይሁኑ፤ ነፃ ነው። በበረሩ ቁጥር ነጥብ ያገኛሉ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ቲኬት ይሆናል» አለችው። ፎሊ ደግሞ ነፃ የተባለ ነገር አያልፈውም፤ ቅጹን ቆሞ ሞላ። ካርዱ ሲደርሰው ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። እንግዲህ እሱ የሚበረው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ያውም መስከረም ላይ የዓመቱን ዕጣ የሚናገረው የተቀደሰ ድንጋይ ሲወጣ ለማየት፣ አለዚያም ሰው ለመቅበር። በየሳምንቱ ከሚበረው ነጋዴ እኩል ስሙ ፕላስቲክ ላይ ሲጻፍለት ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ሊብረቪል ያሉት የአኔሆ ልጆች ማኅበር አላቸው። ሃያ አንድ ሰዎች ናቸው፤ እሑድ እሑድ በፎሊ ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። በየወሩ ከሚያዋጡት ላይ የተወሰነው ለሬሳ ማስመጫ ይቀመጣል፤ እኛ እድር የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ እሑድ ፎሊ ካርዱን ከኪሱ አወጣ።

«ስሙኝማ» አለ። «አንድ ሰው ለብቻው ቢያጠራቅም ፂሙ እስኪሸብት ቲኬት አያገኝም። ሃያ አንዳችንም በበረርን ቁጥር የዚህችን ካርድ ቁጥር ብንሰጥስ? እቁብ ማለት እኮ ነው!»

አጄቴ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፤ የፎሊ የልብ ወዳጅ ነው፤ ምላሱ ግን እንደ መርፌው ነው።

«ተው እንጂ ፎሊ! ይሄ ካርድ የተሠራው ሻንጣው ጎማ ላለው ሰው ነው። የእኛ ሻንጣ በገመድ የታሰረ ነው። እኛ የምንበረው ሰው ሲወለድና ሰው ሲሞት ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ነጥብ የሚሰጡት ለምን ይመስልሃል? ሌላ ጋ እንዳንሄድባቸው ነዋ!»

«አንተ ደግሞ፣ ነፃ ነገር ይመርርሃል።»

«ነፃማ አይደለም። ባለፈው ቀጥታ የሚበረውን ትተህ በእነሱ ስትሄድ ዘጠኝ ሰዓት የሰው አገር ወንበር ላይ አልተጋደምክም? ቲኬቱስ አልተወደደብህም?»

«ለነጥቡ ስል ነዋ!»

«እኮ!» አለ አጄቴ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፎሊም አብሮ ሳቀ። ግን እልኸኛ ነው፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ካርዱን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው።

«እሺ፤ ነጥቡ የማንም አይሁን» አለ። «የሙታን ይሁን። ከእኛ አንዱ እዚህ ቢሞት በዚህ ነጥብ አገሩ ይገባል። በሕይወት ያለ ሰው ንክች አያደርገውም። አለቀ!»

ይሄኔ ሳቂ ጠፋ። እዚያ የነበሩት ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የሰው አገር አፈር መልበስ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ፖሊሱም፣ አከራዩም፣ የመኖሪያ ወረቀቱም የለመዱት ነው። እጅ አወጡ፤ አጄቴም ትንሽ ቆይቶ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ለሬሳ የሚዋጣው መዋጮ «ካርዱ አለን አይደል?» ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሚበር ሁሉ የፎሊን ቁጥር በቃሉ ይዞ ይሄድ ጀመር። ቁጥሩን እንደ ጸሎት ያነበንባል፣ ጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ አድርጋ «እሺ» ትላለች። እነሱም «ነጥቡ ገባ» ብለው ደስ ብሏቸው ይሳፈራሉ። ማንም ምንም ወረቀት አልጠየቀም። ፎሊ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ልየው ብሎ ሞክሮ ነበር፤ የምስጢር ቁጥሩ የተላከው ድሮ በጠፋበት ስልክ ላይ ሆነና ተወው። «የእቁብ ዳኛ በየሳምንቱ ይፈተሻል እንዴ?» አለ። ተማምኖ የሚያዋጣ ሰው ከዚህ የተለየ ሐሳብ አይመጣለትም።

ለመጨረሻ ጊዜ አኔሆ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነበር። ሊብረቪል ያለው ክፍሉ ተሰብሮ ተዘርፎ ስለነበር ካርዱን «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ ቁጥሩን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን» ብሎ ለኮኮዌ ሰጣት። እሷም ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ። የቲኬቱ ነገር ዛሬ ነገ ሲባል ሁለት ዓመት አለፈ፤ ትንሿ ልጃቸውም ልታገባ ለጥር ቀን ተቆረጠ። ኮኮዌ ደወለች።

«ናልኝ» አለችው። «አስቸግሬህ አላውቅም። ልጅህን አንተ ሳታስረክባት ማን ያስረክባት? በነጥቡ ና።»

«ኮኮዌ፣ እሱ እኮ የሙታን ነው።»

«እኔስ ሞቼልህ የለ?»

«አትቀልጂ። እኔው ራሴ ተናግሬ እኔው ራሴ ልብላው? ለሞተ የተቀመጠ ነው፤ ለናፈቀ አይደለም።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ልጅቷን ያስረከባት የፎሊ ታላቅ ወንድም ላቴ ነው። ኮኮዌ ለእህቷ ነገሩን ስታወራላት ግን አንድ ዓይነት ኩራት ነበረባት፤ ባሏ የሰው አደራ አይበላም። አጠገቧ ባይኖርም እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባችው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ሎሜ የገባችው። ቢሮው ብርድ ብርድ ይላል፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ተራዋ ደርሶ ስትቀርብ ፀጉሯን በቀጭኑ የተሠራች ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት።

«ማማ፣ እንደምን አደሩ። ምን ልታዘዝ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ባሌ ሊብረቪል ሞቶብኝ ነው። በዚህ እንድታመጡልኝ።» መሐረቡን ፈታ ካርዱን ፊቷ አኖረችላት።

ልጅቷ ፈገግታዋን ቶሎ ሰበሰበች። «ነፍስ ይማር፣ ማማ» አለች፤ ከልቧ ነበር። ቁጥሩን አስገብታ ማሽኑን አየች። የተሳሳተች መስሏት እንደገና አስገባች።

«ባለቤትዎ ለመጨረሻ ጊዜ የበረሩት መቼ ነው?»

«አራት ዓመት ሆነው። እሱ ባይበርም ሌሎቹ ሲበሩ ነበር። ሃያ አንድ ናቸው።»

«የትኞቹ ሌሎች?»

ኮኮዌ ነገረቻት። ማኅበሩን፣ እሑዱን፣ እጅ የወጣበትን ቀን፣ ለሙታን የተባለውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቷ እያዳመጠች እጆቿን ቀስ ብላ ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«ማማ... ነጥብ የሚገባው የካርዱ ባለቤት ራሱ ሲበር ብቻ ነው። የተሳፋሪው ስም ካርዱ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ማሽኑ አይቀበለውም። የሌሎቹ አንዱም አልገባም።»

«ልጆቹ እኮ እሺ ይሏቸው ነበር!»

«ሰልፉ ሲረዝም እሺ ይባላል» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። ጥፋቱ የእሷ ይመስል ነበር።

«የራሱስ? የፎሊ?»

«የእሳቸው ገብቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይበሩ ሲቀሩ ግን ተሰረዘ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ቢኖርም ደግሞ ማማ፣ ነጥብ ለወንበር ነው። ሬሳ በጭነት ክፍል ነው የሚሄደው፤ እሱ በነጥብ አይሆንም።»

ኮኮዌ «አታለላችሁን» ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው፤ ያታለላቸው ሰው የለም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሕጉም የሆነ ቦታ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ይሆናል። እነሱ ግን ተሰብስበው ማዋጣት፣ ተሰብስበው መቅበር ነው የሚያውቁት። በየሳምንቱ ለሚበር ለብቸኛ መንገደኛ የተሠራውን ነገር እንደ ገበታ ከበው ሊበሉ ቀረቡ። የአሥራ አንድ ዓመት ነገር ውሃ በላው። ያን ሁሉ የሰው አገር ወንበር፣ ያን ሁሉ የተወደደ ቲኬት ውሃ በላው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ባይመጣባት ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ... የራሱ ነጥብ ያኔ ነበረ?»

ልጅቷ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ምናልባት ትንሽ ያደገች ብትሆን ኖሮ ትዋሽ ነበር።

«ያኔ ነበር፣ ማማ።»

«ለአንድ ሰው መምጫ ይበቃ ነበር?»

«ይበቃ ነበር። ለመምጫ።»

ለናፈቀ ሰው ይበቃ ነበር። ለሞተ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ፎሊ የልጁን ሠርግ ትቶ ሲጠብቀው የኖረው አደራ ከሰው ያልገባ፣ የማንም ያልሆነ ባዶ ነገር ነበር፤ የራሱ የሆነችውን ትንሿን ነጥብ ደግሞ የሰው ናት ብሎ አስበላት። ኮኮዌ እንባ አልመጣላትም። ልጅቷ ውሃ አመጣችላት፤ ጠጣች፤ አመሰገነችና ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ካርዱን ይዛ ተከተለቻት።

«ማማ፣ ረሱት!»

«አልረሳሁትም» አለች ኮኮዌ፤ ወጣች።

በማግስቱ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ላቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ነገር ሲከብደው መነጽሩን ያወልቃል። አሁንም አወለቀ። ሊብረቪል ያለው የሬሳ ማቆያ በየቀኑ እንደሚያስከፍል፣ የማኅበሩ ሰዎች ተሯሩጠው ያዋጡት ለሳጥኑና ለጭነቱ ግማሽም እንዳልሞላ ነገራቸው። ያቺን የድሮዋን የሬሳ መዋጮ ማንም በስሟ አልጠራትም፤ ሁሉም ግን እያሰባት ነበር።

«ምድጃዎቼን እሸጣለሁ» አለች ኮኮዌ።

«ምድጃ ሸጠሽስ? ከዚያ በኋላ በምን ትኖሪያለሽ? ፎሊ ይሄን ይወደዋል?» አለ ላቴ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያው ይቀበር። ፀጉሩንና ጥፍሩን ያምጡልን። ሰው አገር ለሞተ፣ ባሕር ለበላው የአባቶቻችን ደንብ አለ። ፀጉሩና ጥፍሩ ከገባ ሰውየው ገባ ነው።»

«ፎፎ» አለችው ኮኮዌ፤ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ቃል ነው፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ለታላቅ ወንድሙ ከፍ ያለ ቃል ተናግራ አታውቅም። «እኔ ያገባሁት ጥፍሩን ነው እንዴ?»

ላቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። ሴቶቹ እሷን ላለማየት ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር። ኮኮዌ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የምትሸጠውን ሁሉ በሐሳቧ ሸጠች፣ የምትለምነውን ሁሉ በሐሳቧ ለመነች፤ አልሞላም። በሦስተኛው ቀን ለአጄቴ ደወለች።

«ቅበሩት» አለችው።

አጄቴ ስቅ ስቅ ብሎ አለቀሰ። «ዳቪ፣ እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገብቶኝ ነበር እኮ! ያን ቀን እጄን ባላወጣ ኖሮ...»

«ሁላችሁም አውጥታችኋል። አሁን ስማኝ። ከመሸፈኑ በፊት ፀጉሩን ቁረጥልኝ። ጥፍሩንም።»

«ከየትኛው እጁ ልቁረጥ?»

«ከሁለቱም። ከእግሩም። ከፂሙም። የቻልከውን ያህል አምጣልኝ።»

አጄቴ የመጣው በሳምንቱ ነው። ጥቅልሉን በነጭ ጨርቅ እሱ ራሱ ሰፍቶታል፤ ስፌቱ ከዚያ የጠራ አይገኝም። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ «ላስቀምጥልዎት?» ብትለው እምቢ ብሎ መንገዱን በሙሉ ደረቱ ላይ ይዞት መጣ። ኮኮዌ በር ላይ ቆማ ተቀበለችው። የአንድ ሎሚ ያህል ነበር።

«ዳቪ ኮኮዌ፣ ይኸው ፎሊ» አለ።

አናጢው ለእንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ሣጥን ይበቃል አለ፤ ላቴም ተስማማ። ኮኮዌ ግን እሺ አላለችም።

«ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። ትከሻው ሰፊ ነው» አለችው አናጢውን። «ይሄን በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነበር። እንደ ጌጥ በሣጥን አላስገባውም። በልኩ ሥራልኝ።»

እንደ ልኩ ተሠራ። የእሑድ ሱፉን ዘርግታ አስተኛችው፤ ሸሚዙን ቆለፈችለት፣ ጫማውን ከታች አኖረችለት፣ ነጩን ጥቅልል በልቡ በኩል ከኮቱ ሥር አደረገችው። ከዚያ ክዳኑ ተመታ።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሰዎች ሊሸከሙት ቀረቡ። አምስቱ የፎሊ እኩዮች፣ መረብ ሲጎትቱ ያረጁ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከፊት አጄቴ ቆሟል። ልማድ ሆኖባቸው በሙሉ ጉልበታቸው ብድግ ሲያደርጉት ሣጥኑ ሽቅብ ዘለለ፤ ባዶ እንደሆነ አገር አየው። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ኮኮዌ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

አጄቴ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ ትከሻው ዝቅ አለ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ከበደኝ! ያዙት!»

ዓሣ አጥማጆቹ ለአፍታ ተያዩ፤ ገባቸው። ስድስቱም ጎበጡ። እያቃሰቱ፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ትከሻ እየቀያየሩ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ እነሱ ግን ሁለት ጊዜ አውርደው አረፉ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ!» ተባባሉ፣ ክብደቱን እየረገሙ እንደገና አነሡት። መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል፤ የሳቀ አልነበረም።

ኮኮዌ ከኋላ ከኋላ ትሄድ ነበር። ከሊብረቪል ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ ያልመጣላት እንባ ያኔ መጣ፤ አልጠረገችውም። በሁለተኛው ማረፊያ ላይ፣ ሰዎቹ ሊያነሡ ሲያጎነብሱ፣ ጠጋ ብላ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

«ቀስ አድርጋችሁ ያዙት» አለቻቸው። «ከባድ ሰው ነው።»